የዘጠኝ ቁጥር ወንፊት

ሸዕባን 19፣ 1446። ማክሰኞ።

ይህን ደብተር የሰጠኝ ሙሀንዲስ ዓብዱላህ ነው። ሱዳናዊ ነው፤ ሳቁ ከመኪናው ቀድሞ ይደርሳል። «ያ ነስረዲን፣ የከፈትከውን ገንዳ፣ ያጠብከውን ወንፊት ሁሉ በየቀኑ ጻፍ» አለኝ። ከፊት በኩል በተሰባበረ ዐረብኛዬ ለእሱ እጽፋለሁ። ከኋላ በኩል በአማርኛ ለራሴ። ዛሬ ጀመርኩ።

መንደሩ ከባሕራ አልፎ ወደ መካ ሲኬድ ነው፤ ሃያ አራት ቪላና አንድ መስጊድ። የከተማው ፍሳሽ መስመር እዚህ አይደርስም። ዱሮ እያንዳንዱ ቤት ቢያራ የሚሉት ጉድጓድ ነበረው፤ ሲሞላ ዋይት፣ ማለት የመምጠጫው ቦቴ፣ መጥቶ ይመጠዋል። እኔም ጅዳ ውስጥ ስድስት ዓመት የዋይት ረዳት ሆኜ ቱቦ ጎትቻለሁ። ልብሴን የሚያጥብልኝ ሰው ጠፍቶ የነበረበትን ዘመን አላህ አይመልሰው።

የአሁኑ ግን ሌላ ነው። ከየቤቱ ጀርባ ውሃ የማያሰርግ ገንዳ ተቀብሯል። ጠጣሩ እታች ይዘቅጣል፣ ቅባቱ ከላይ ይንሳፈፋል፣ መሃል ያለው ውሃ ብቻ በወንፊት አልፎ በቀጭን ቧንቧ ይሄዳል። ቧንቧው ከክንዴ አይወፍርም። የተቀበረው ከጉልበት በማያልፍ ጉድጓድ ነው፤ የመሬቱን ዳገትና ቁልቁለት እየተከተለ ይሄድና መንደሩ ግርጌ ካለው የጠጠርና የአሸዋ ማጣሪያ ይገባል። ከዚያ የሚወጣው ውሃ ቴምሮቹን ያጠጣል። ሙሀንዲሱ እንደሚለው ለእንዲህ ያለ ትንሽ መንደር ይህ ይበቃል፤ ብዙ ወጪ የለው፣ ብዙ ቁፋሮ የለው። አንድ ነገር ብቻ አይችልም፤ ቧንቧው ውስጥ ጠጣር ከገባ አለቀ። «ወንፊቱ ነፍሱ ነው» ይላል።

ይህን ለኢብሮ ሳስረዳው በሳቅ ፈረሰ። «አቦ፣ የቆሻሻ ሙፍቲ ሆነህልኛል!» አለኝ። ኢብሮ የመስጊዱ ጠራጊ ነው፤ የሐረርጌ ሰው። በባሕር የመጣ ስለሆነ ኢቃማ፣ ማለት የመኖሪያ ፈቃድ፣ የለውም። አንድ ክፍል ነው የምንኖረው። የሚያንኮራፋ ሰው እንደዚህ ልቡ ንጹሕ ሲሆን አይቼ አላውቅም።

ሸዕባን 24። እሑድ።

የዘጠኝ ቁጥር ገንዳ ሞልቶ ወጥ ቤት ድረስ ተመለሰ። ወንፊቱን አውጥቼ አጠብኩ። ቅባት፣ ሩዝ፣ መናዲል የሚሉት እርጥብ የወረቀት መሐረብ። ቤቱ ውስጥ አሥራ ስድስት ሰው አለ፤ ገንዳው የተሠራው ለስምንት ነው። መደሟ፣ የቤቱ እመቤት፣ የጠበሰችበትን ዘይት ሙቅ ውሃ ጨምራ በማጠቢያው ትደፋዋለች። በዓይኔ አይቻለሁ።

የዘጠኝ ቁጥር ሠራተኛ እህቴ ሀሰና ናት። እዚህ ግን አንተዋወቅም። መደሟ ወንድም ያላትን ሠራተኛ አትፈልግም፤ «ወሬ ታወጣለች» ትላለች። ስለዚህ ሀሰና በወጥ ቤቱ በር ሰላም ስትለኝ እንደ ባዳ «ኬፍ ሓልክ» ትለኛለች፤ እኔም እንደ ባዳ እመልሳለሁ። ከዚህ በፊት ሌላ ከተማ የነበረችበት ቤት ምን እንዳደረጓት አልነገረችኝም። እኔም አልጠየቅኳትም። ስትመጣ ፀጉሯ ተቆርጦ ነበር። ለእናታችን «አሁን አጠገቤ ናት፣ አታስቢ» ብያለሁ።

ረመዳን 2።

ዘጠኝ ቁጥር እንደገና። አጠብኩ። ከፊት በኩል ጻፍኩ። ሙሀንዲሱ ደውሎ «ለምን ዘጠኝ ብቻ?» አለ። እንግዳ በዝቶ ነው አልኩት።

ረመዳን 5። ረቡዕ።

ዛሬ መደሟ ራሷ ወጣች። እኔ ገንዳው ላይ ተንበርክኬ ነበር። ለእኔ ሳይሆን ለሀሰና ነው የተናገረችው፣ ግን እንድሰማ ነው። «አንቺ ሐበሺያ የምትጥይው ነው። እንግዶቼ ፊት አንድ ቀን ይህ ነገር ሲሸት፣ ወይ ዋይት በሬ ላይ ሲቆም ካየሁ፣ ኸላስ፣ ወደ አስቀጣሪው መክተብ ትመለሻለሽ። እነሱ ሌላ ቤት ይስጡሽ።»

ሀሰና «ሓድር መደም» አለች። ወደ እኔ አላየችም። እጇን ግን መጎናጸፊያዋ ላይ ታሽ ነበር፤ ልጅ ሆናም ስትፈራ እንደዚያ ነበረች።

የሚያስፈልገው ዋይት ነበር። ገንዳው በቅባት ተሞልቷል፤ አንዴ ቢመጠጥ ዓመታት ያርፋል። ግን ዋይት በሩ ላይ ይቆማል። ለሙሀንዲሱ ብናገር መጀመሪያ የሚልከው ዋይት ነው። ሌላ ቤት ይስጡሽ አለቻት። ሌላ ቤት።

ረመዳን 6።

ወንፊቱን አወጣሁት።

እስከ ኢድ ብቻ። እንግዳው እስኪሄድ። ክፍላችን ውስጥ በካርቶን ጠቅልዬ ከአልጋዬ ሥር አስቀመጥኩት። ሀሰና ይዤ ስወጣ አየችኝ። ምን እንደሆነ አላወቀችም፣ ወይም አልጠየቀችም። ውሃው ወዲያው ወረደ፤ ልክ ጉሮሮው እንደተለቀቀ ሰው።

ከፊት በኩል «9፦ ታጥቧል፣ በቦታው ነው» ብዬ ጻፍኩ። ስድስት ዓመት ቢያራ ሳይ ኖሬያለሁ። ቢያራ ሁሉን ይውጣል። ይህም ለሦስት ሳምንት አይደፈንም።

ረመዳን 12። ረቡዕ።

ሰላም ነው። ዘጠኝ ቁጥር አንድም ቀን አልተመለሰም። መደሟ ለሀሰና ሻሽ ሰጠቻት፤ ሀሰና በበሩ ስታሳየኝ ፈገግ አለች። ይህችን ፈገግታ ለእናቴ ቀርጬ ብልክላት ደስ ባለኝ።

ኢብሮም ደስተኛ ነው። የመስጊዱ ሸኽ ለኢብሮ ከፊል፣ ማለት ዋስ አሠሪ፣ ሊሆኑለት ነው፤ ኢቃማ ሊያወጡለት ቃል ገብተዋል። «ከዚያ መካ ያለችውን ሚስቴን ሲቲን ለማየት እንደ ሌባ በጓሮ መሄድ ቀረ» ይላል። ሲቲ ዛሂር ውስጥ የሐጃጆች ማደሪያ ታጸዳለች። አምስት ዓመት ተጋብተው አብረው ያደሩበትን ቀን በጣት ይቆጥራል። ለማፍጠሪያ ሳምቡሳ ይዞልኝ መጣ። ትልቁን ለእኔ፣ የተሰበረውን ለራሱ።

ረመዳን 18።

መስጊዱ አጠገብ ያለውን የዋናውን ቧንቧ መቃኛ ቀዳዳ ከፈትኩት። ውሃው እንደ ወትሮው አይሮጥም። እየተጎተተ ነው። ከላይ ነጭ ነገር ተንሳፍፏል።

ክዳኑን መለስኩት። ኢድ አሥራ ሁለት ቀን ነው የቀረው።

ረመዳን 21። ጁምዓ።

ያ አላህ። ውዱእ ቤቱ።

ከጁምዓ በፊት። ኢብሮ እየሮጠ መጣ። ከወለሉ ወጣ። ጥቁር። ጫማ መደርደሪያው ድረስ።

ከዓስር በኋላ። አሁን ልጻፈው።

መስጊዱ የመንደሩ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ነው። ዋናው ቧንቧ ከመስጊዱ ጀርባ ይታጠፋል፤ እዚያ ተዘጋ። ከላይ ያሉት ቤቶች ውሃ ሁሉ መሄጃ ሲያጣ በመስጊዱ ውዱእ ቤት በኩል ወጣ። በረመዳን፣ በመጨረሻዎቹ አሥር ቀናት፣ በጁምዓ። ነጫጭ ቶብ የለበሱ ሽማግሌዎች ፀሐይ ላይ ቆመው አፍንጫቸውን ይዘዋል። አንዱ «ይህ ቀጭን ቧንቧ የልጅ መጫወቻ ነው፣ ዋይታችንን መልሱልን» ይላል። ሸኹ ምንጣፉ ጫፍ ሲርስ አይተው «ላ ሐውለ» አሉና ሰዉን ወደ ደጅ አወጡት። ሶላቱ አስፋልት ላይ ተሰገደ።

ኢብሮ ውስጥ ቀረ። ውሃው ወደ ምንጣፉ እንዳያልፍ በደረቱ ሊያግደው ምንም አልቀረው። እኔ ከጀርባ መታጠፊያውን ቆፈርኩ። ብቻዬን ነበርኩ። ቧንቧውን ስፈታው ወጣ። እንደ ሳሙና የረጋ ቅባት፣ ሩዝ፣ እንደ ገመድ የተጠማዘዘ መናዲል። ሦስት ባልዲ ሞላ። ሽታው ሰው እንዳይረብሽ ብዬ እዚያው አሸዋ ውስጥ ቀበርኩት።

ሙሀንዲሱ ከጅዳ ሲደርስ ውሃው መውረድ ጀምሮ ነበር። ዛሬ አልሳቀም። «ምን ወጣ?» አለኝ።

«ጨርቅ» አልኩ።

«የወለል ጨርቅ? የመስጊዱ?»

አካፋዬን ማጠብ ጀመርኩ። አዎ አላልኩም። ይህን ልብ በሉልኝ፣ አዎ አላልኩም። ለማን እንደምጽፍ እንጃ።

ረመዳን 22። ቅዳሜ።

ትናንት ከሰዓት መንደሩ በፆም ተኝቶ ሳለ ወንፊቱን ወደ ዘጠኝ መለስኩት። መመለሱ ትክክል ነው፤ ቦታው እዚያ ነው።

ዛሬ ጠዋት ሙሀንዲሱ ሃያ አምስቱንም ገንዳ ራሱ ከፈተ። እኔ ክዳን እያነሳሁለት። ወንፊቶቹ ሁሉ በቦታቸው ናቸው። ደብተሬን ከፊት በኩል አነበበ፤ ከጻፍኩት ጋር ገጠመ። «የቀረው መስጊዱ ነው» አለ። «የመስጊዱ ወለል ማፍሰሻ ከገንዳው በኋላ ነው የተገናኘው፤ ወንፊት የለውም። ጨርቁ በዚያ ገብቷል።» ከዚያ ትከሻዬን መታ አደረገኝ። «ሥራህ ንጹሕ ነው ያ ነስረዲን።»

ኢብሮ በመጥረጊያው ተደግፎ ይሰማ ነበር። «እኔ ጨርቅ... » ብሎ ጀመረ፣ አልጨረሰውም። ከሦስት ቁጥር የመጡት ሰውዬ ሸኹን ሲጠይቁ ሰማሁ፦ «ይህ ሰው ወረቀት አለው?»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። እኔ ግን ምን አወጣሁ? አንዲት ቃል።

ረመዳን 23።

ወሰዱት። ሁለት መኪና። ከዙህር በፊት።

አልሮጠም። የመስጊዱን ቁልፍ አውጥቶ «ነስሩ፣ ለሸኽ ስጥልኝ» አለኝ። ሹመይሲ፣ ወረቀት የሌለው ሰው እስኪባረር የሚታሰርበት፣ ነው አሉ።

ቁልፉን ስሰጣቸው ሸኹ አሸዋ ላይ ተቀምጠው ነበር። «ወረቀቱን ልጀምርለት ነበር» አሉ። «መስጊድ ላረከሰ ሰው ከፊል ልሁን ብል ኮሚቴው አይሰማኝም። ጥፋቱ የእሱ ባይሆን ኖሮ ራሴ ሄጄ፣ ቆሜ፣ ይዤው እመለስ ነበር። አሁንም እስካልተሳፈረ ድረስ እችላለሁ።» ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «አንተ ያየኸው ነገር አለ?»

«ፆም ደክሞኛል ያ ሸኽ» አልኩ። ይህ መልስ ነው? ይህን መልስ አሁን ሳነበው ፊቴን ልደብቀው እፈልጋለሁ።

ረመዳን 25። ማክሰኞ።

መካ ሄድኩ። ዛሂር። ሲቲ የኢብሮን ልብስ እንዳመጣላት ለምና ደውላ ነበር። የማደሪያው ደረጃ ሥር ቆማ ተቀበለችኝ፤ የአንሶላ ክምር ታቅፋለች። ከኢብሮ ታጥራለች፣ ግን እሷ ናት ወንዱ። አላለቀሰችም።

«ወንድም ነስሩ፣ አንተ የሥራው ዋና ነህ» አለችኝ። «ኢብሮ ሁሌ ይላል፣ ነስሩ ካለ ነው ይላል። አንተ ሄደህ ጥፋቱ የእሱ አይደለም ብትል ይሰሙሃል። አይሰሙህም?»

«እሞክራለሁ እህቴ።»

«ሞክርልኝ እንጂ። ወረፋው ካልደረሰው እስከ ኢድ ይቆያል ብለውኛል። ከኢድ በኋላ ግን በረራ አለ።»

ውሃ ልታጠጣኝ ሄዳ፣ ፆመኛ መሆኔ ትዝ ሲላት መንገድ ላይ ተመለሰች። ራሷ ላይ ሳቀች። ያ ሳቅ ከልቅሶ ባሰብኝ።

በመመለሻው አውቶቡስ ውስጥ ስመዝነው ዋልኩ። ብናገር ወንፊቱን ማን አወጣው ይባላል። ለምን ይባላል። ሀሰና እህቴ መሆኗ ይወጣል። ያኔ መክተብ፣ ከዚያ ሌላ ቤት። ከራስ በላይ ነፋስ ሲሉ እሰድባቸው ነበር። እኔ ግን ለራሴ አይደለም። ለእሷ ነው። ለእሷ ነው።

ረመዳን 27። ሐሙስ።

ሀሰና ቆሻሻ ልትጥል ስትወጣ በርሚሉ ጋ ቆየችኝ። ባዳ መምሰሉን ተወችው።

«ያን ቀን ይዘኸው የወጣኸው ወንፊቱ ነበር፣ አይደል?»

የበርሚሉን ክዳን አነሳሁ።

«ጠራጊው ሰውዬ በእኛ ነው የተወሰደው?»

«አንቺን ብዬ ነው ሀሰና።»

«እኔን አትበል!» ጮኸች፤ ከዚያ አፏን በእጇ ያዘች። ዝቅ ብላ «እኔን ይመልሱኝ» አለች። «ወላሂ እችላለሁ። ያኔም ችያለሁ። ሰው በእኔ ጦስ ሚስቱን ጥሎ አይሂድ። ካልነገርክ እኔ ለመደም እነግራታለሁ፣ አሁን እገባና እነግራታለሁ።»

ክንዷን ያዝኳት። ጠበቅ ሳላደርግ አልቀረሁም። «አትነግሪም። ወላሂ በይ።»

ክንዷን ልታስለቅቅ ሞከረች።

«በይ።»

አለች። ቁርኣን ፊት እንዳለች ቆማ፣ እንባዋ እየወረደ፣ ማለች። ከዚያ ቆሻሻውን ሳትጥል ይዛው ገባች።

እሷ ይመልሱኝ ካለች እኔ የምፈራው ማንን ነው? ነገ ለሸኽ እነግራለሁ። ሸኽ ቢቆጡ ሙሀንዲሱን ላስቀድም። አዎ፣ ሙሀንዲሱን።

ረመዳን 29። ቅዳሜ።

ጁምዓ አልተመቸኝም። ሰው በዛ።

ዛሬ ጅዳ ወረድኩ፤ ሙሀንዲሱ ሳፋ ነው የሚኖረው። ለማፍጠሪያ ጠርቶኝ ስለነበር ጥሩ አጋጣሚ ነው ብዬ። መንገዱን ሁሉ በዐረብኛ ስደግመው ሄድኩ፦ ወንፊቱን እኔ ነኝ ያወጣሁት፣ የወጣው ጨርቅ አልነበረም፣ ኢብሮ አያውቅም። ሦስት ዐረፍተ ነገር። ስድስት ዓመት ዋይት ላይ ስሳደብ የኖርኩበት ቋንቋ ለሦስት ዐረፍተ ነገር አያንሰኝም።

በሩን ሲከፍት ሳቁ ተመልሷል። ሪፖርቱን ጽፎ ዘግቷል። መስመሩ ጥፋት የለበትም፣ ጥፋቱ የአንድ ጠራጊ ነው፣ የመስጊዱ ማፍሰሻም ወንፊት ይደረግለታል ብሏል። ተቀብለውታል። «ስድስት ሌላ መንደር ሊሰጡን ነው! በእያንዳንዱ ወንፊት የሚጠብቅ ሰው እንቀጥራለን፤ አንተ አለቃቸው ነህ።» ሚስቱ ሾርባ አመጣች። ልጆቹ ጉልበቴ ላይ ወጡ። አዛን አለ፤ በቴምር አፈጠርን።

«ፊትህ ላይ ነገር አለ» አለኝ። «ምን ልትነግረኝ ነው የመጣኸው?»

«ኢድ ሙባረክ ልልህ ነው» አልኩት።

ሸዋል 1። ኢድ።

መስጊዱ ታጥቧል። አዲስ ምንጣፍ። ሽታ የለም።

ከሶላት በኋላ ሸኹ እጄን ያዙኝ። አለቀቁኝም። ዓይኔን ፈለጉ። ያኔ ልነግራቸው ነበር፤ ወላሂ አፌን ከፍቼ ነበር። ከኋላዬ ሰላም የሚል ሰልፍ ነበር፤ ሰው ገፋኝ።

የዘጠኝ ቁጥር እንግዶች ሄዱ። ሀሰና በበሩ አልወጣችም።

ሸዋል 2።

አልሄድኩም። ነገ።

ሸዋል 3።

ሁለት ጊዜ እስከ ሸኹ በር ሄጄ ተመለስኩ። ሁለተኛው ላይ ልጃቸው አየኝና «አባቴን ልጥራው?» አለ። ለቧንቧው ነው፣ ደህና ነው አልኩት። ሆድ ይፍጀው የሚባለው ሆድ ስለሚችል አይደለም፤ ሰው ሌላ የሚያደርገው ሲያጣ ነው።

ሸዋል 4። ረቡዕ።

ከዙህር በኋላ ሸኽ ጋ ልሄድ ታጥቤ፣ ልብስ ቀይሬ፣ ከክፍሌ ስወጣ ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር። ኢብሮ ነው፤ የሰው ስልክ ተውሶ።

«ነስሩ፣ አቦ፣ ልንሳፈር ነው። አውቶቡሱ ቆሟል። ለሲቲ ነገርኳት፣ አንተ ቀረህብኝ።»

«ኢብሮ፣ ስማኝ...»

«አይ አንተ ስማኝ፣ ሰዓት የለኝም። ብዙ ቀን አሰብኩት። ሐሙስ ማታ ውዱእ ቤቱን ስወለውል ጨርቁን ማጣቴን አላስታውስም ነበር። ግን አንተ ጨርቅ ነው ካልክ ጨርቅ ነው። አንተ ሐሰት አትናገርም። እንቅልፍ ነስቶኝ ሳልጠነቀቅ ገብቶ ነው። ፆም ይዘህ በእኔ ጦስ ያን ሁሉ ስትዝቅ ዋልክ፣ ሰው ፊት አዋረድኩህ። የመስጊዱን ከአላህ እለምናለሁ። የአንተ ግን በአንተ እጅ ነው። ዐውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ።»

ከኋላው ሰው ይጮሃል፤ ያላ፣ ያላ ይላል። ኢብሮ ይተነፍሳል። መልሴን እየጠበቀ ነው።

«ዐውፍ ብዬሃለሁ» አልኩት።

አንዴ አልበቃውም። «ከልብህ በለኝ» ብሎ ሦስት ጊዜ አስባለኝ። ሦስቴም አልኩ።